ጧሪ ቤት በጎሬ

ልጆች ወላጆቻቸውን ከመጦር ግዴታ በሕግ ነጻ ከወጡ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏል። ጡረታ የሚባለውም ከዚያ ቀደም ብሎ ቀርቷል። በሁለቱ ምትክ የመጣው ቤት ነው። ማንኛውም ሰው ሃምሳ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ ከሚኖርበት ክልል ውጭ አንድ የሚከራይ ቤት ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ኪራይ ይጦረዋል። መሥሪያ ቤቱ «ጧሪ ቤት» የሚል ስም ሰጠው፤ ሕዝቡም ሳያጉረመርም ተቀበለው። ቤቱ ከክልል ውጭ እንዲሆን የተደነገገው ባለቤትና ተከራይ በመንገድ እንዳይገናኙ ነው። ቀድሞ በአንድ ከተማ ሲኖሩ ይተያዩ ነበር፤ ሲተያዩም ይተዛዘኑ ነበር፤ መተዛዘን ደግሞ ኪራይን እንደሚያዛባ በጥናት ተረጋግጧል።

ይመር እንድሪስ በደሴ ከተማ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። ሃምሳ አምስተኛ ዓመቱን ሊደፍን አርባ ቀን ሲቀረው ገና ከተማ አልመረጠም።

«ዛሬስ?» ትለዋለች ባለቤቱ ጦይባ በየማለዳው፣ ጫማውን ሲያስር ከአጠገቡ ቆማ።

«እያየሁ ነው።»

«ሚሌም አንተን እያየችህ ነው።»

ሚሌ በበረሃው አፋፍ የተሠራው የጋራ ሰፈር ነው። ጧሪ ቤት የሌላቸው ሰዎች ወደዚያ ይወሰዳሉ። ወንዶቹ ከአውራ ጎዳናው በስተምሥራቅ፣ ሴቶቹ በስተምዕራብ ይኖራሉ፤ ባልና ሚስት የነበሩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ይገናኛሉ። ይመርና ጦይባ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጦይባ ልጃቸውን ልትጠይቅ በሄደች ጊዜ፣ ስድስት ቀን ተለያይተው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይመር ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ብቻውን ሲያወራ ጎረቤት ሰምቶታል።

የሚኖሩት በጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ከተተከሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ፣ በአሥራ አንደኛው ፎቅ ነው። ቤቱ ሦስት ክፍል ነበር። የእነርሱም ቤት ባለቤት አለው፤ የት እንደሚኖር አያውቁም። ባለፈው ዓመት ኪራይ ሲጨመር፣ እንደ ብዙው ሰው፣ አንዱን ክፍል መለሱ። ክፍል መመለስ ቀላል ነው፤ ቅጹ እንደተሞላ በሩ በራሱ ይዘጋል፣ ከዚያም አይከፈትም። በጥድፊያው የግድግዳ ሰዓቱን ውስጥ ረስተውት ነበር። ለአምስት ወር ያህል ከግድግዳው ወዲያ ሲቆጥር ይሰማ ነበር፤ በአንድ ሐሙስ ዕለት ዝም አለ። ጦይባ የዚያን ዕለት ምሳ አልበላችም።

በሥራ ቦታ፣ በሻይ ሰዓት፣ ወንዶቹ የሚያወሩት ስለ ከተሞች ነው። አንዳቸውም ያዩዋቸው ከተሞች አይደሉም። ባለቤት ቤቱ ወዳለበት ከተማ እግሩን መጣል አይፈቀድለትም። ይሁን እንጂ የአደባባዩን ስም፣ የጎርፉን መውረጃ፣ የትኛው መንደር ውኃ እንደሚጠፋበት ጠንቅቀው ያውቃሉ። መላኩ የተባለው የሥራ ባልደረባው ጂንካ ቤት አለው፤ በጂንካ ሲዘንብ በደሴ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጃንጥላ ይዞ ይመጣል። ሲጀምረው ለቀልድ ነበር። አሁን ቀልድ መሆኑ ቀርቷል።

«እኔ ብሆን ዲላን አልለቅም» አለው መላኩ። «የዲላ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ሰፊ ቤት ይከራያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይፋታል። ሁለት ቤት ይከራያል።»

ሌሎቹ ሳቁ።

«ያንተውስ ተከራይ አገባ?» አለው ይመር።

«የእኔው መነኩሴ ቢጤ ነው። ሁለት ክፍል መልሶ አንዷን ሙጥኝ ብሏል። ዕድሜ ይስጥልኝ።» መላኩ ይህን ያለው ከልቡ ነው። ስሙን የማያውቀውን ያን ሰው በየቀኑ በጸሎቱ ያነሣዋል፤ እንዳይሞትበት።

ሃያ ሁለት ቀን ሲቀረው ይመር ወደ ጧሪ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄደ። የተቀበለችው አማካሪ ፍሬሰንበት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ሴት ናት። በእርሱ አቅም የሚገዙ ሦስት ቤቶችን በፊቱ ዘረጋችለት፤ አንዱ በዲላ፣ አንዱ በጅግጅጋ፣ አንዱ በጎሬ።

«የዲላው ኪራዩ ከፍተኛ ነው» አለችው። «ነገር ግን ተከራይ በየዘጠኝ ወሩ ይለቃል። የጅግጅጋው አዲስ ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ግን ሺህ ቤት እየተሠራ ነው። የጎሬው…» ጥቂት አመነታች። «የጎሬው አሮጌ ነው። ዝናቡ ስምንት ወር ነው። ኪራዩም ዝቅተኛ። ጽናቱ ግን ዘጠና አራት ነው።»

ጽናት ማለት፣ ኪራይ ሲጨመር ከመቶ ተከራይ ቤቱን የማይለቀው ቁጥር ነው። በደሴ ያን ጊዜ ስድሳ ነበር።

«ዘጠና አራት? ለምን?»

«እኛም አላወቅነውም። ሥራ የለም፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ወጣቶቹ ሄደዋል። ምክንያቱ ስላልታወቀ ሰው ይፈራዋል። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው።»

ይመር የመንደሩን ሥዕል ወደ ራሱ አስጠግቶ ተመለከተ። በዝናብ የጠቆሩ ቤቶች፣ ከመካከላቸው አንድ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት፣ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ። ከጣሪያው ሥር የብረት ዘንጎች ጫፍ ወጣ ብሎ ይታያል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መጋዘን ይላል።»

«መጋዘን አይደለም» አለ ይመር። «የቅሬ ቤት ነው። ያ የድንኳን ብረት ነው።»

«ቅሬ?»

«ሌላው አገር እድር ይለዋል። ሰው ሲሞት የሚቀብር ማኅበር።»

«አያቴ አባል ነበረች መሰለኝ» አለች ፍሬሰንበት፤ ከዚያም እስኪቀጥል ጠበቀችው።

ይመር በሰፈሩ ቅሬ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ነው። ማን እንደሞተ፣ ማን ሬሳ እንደተሸከመ፣ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ በመዝገቡ ላይ በእጁ ይጽፋል። ስለዚህ ሥራው ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያላወቀውን ነገር እርሱ በአንድ ቁራጭ ሥዕል አውቆታል፤ ደረቱ ሞቀው።

«ሰፈር የለቀቀ ሰው ከቅሬው ይወጣል» አለ። «የሃያና የሠላሳ ዓመት መዋጮው በዚያው ይቀራል። በአዲሱ ሰፈር ቢመዘገብ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይቀብሩትም። ሽማግሌ ሰው ሰባት ዓመት ከየት ያመጣል? ሰው ቤቱን ይለቃል፤ የሚቀብሩትን ጎረቤቶች ግን አይለቅም።»

«ይቅርታ፣ እንደገና ይበሉልኝ?»

በጉባኤ ላይ ቃለ ጉባኤ እንደሚያስጽፍ ሰው፣ ቀስ ብሎ ደገመላት።

«የጠነከረው ቅሬ ከደከመው በምን ይለያል?»

ይህንንም ነገራት። በመጀመሪያው ቀን ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠውን አትቁጠሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይመጣል። በሦስተኛው ቀን የሚቀረውን ቁጠሩ። የሟች ዘመድ ያልሆነ ስንት ሰው እንደተሸከመ እዩ። ድሃ ሲሞት የመጣውን፣ ሀብታም ሲሞት ከመጣው ጋር አነጻጽሩ። ማንም አላስገደደውም፤ ማንም አልደለለውም። በልቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ ብቻ ሊነገር የሚገባውን ነገር በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ሰው የሚያውቀውን ሲጠይቁት ደስ እንደሚለው ሁሉ ደስ አለው፤ የሰው ልጅ ካለበት ድካም ሁሉ ይህ ከሁሉ ያነሰ ይመስላል፣ ነገር ግን አያንስም።

የጎሬውን ቤት ገዛ።

ጦይባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። በሻይ ሰዓት መላኩ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «እንግዲህ ያንተም ዝናብ መጣልህ» አለው። ይመርም እንደ ሌሎቹ ሆነ። ማለዳ ከእንቅልፉ ሲነሣ በጎሬ መዝነቡን ያያል። የተከራዩ ሁኔታ በየወሩ በአንድ መስመር ይደርሰዋል፤ «ሴት፣ ብቸኛ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጸንታለች።»

በሦስተኛው ወር የጎሬው ኪራይ በሲሶ ጨመረ። መስመሩ «አንድ ክፍል መልሳለች፤ ጸንታለች» የሚል ሆነ። በስድስተኛው ወር እንደገና ጨመረ። «ሁለት ክፍል መልሳለች፤ ጸንታለች።» ኪራዩን የሚጨምረው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ አይጠየቅም።

በዘጠነኛው ወር የደሴው የራሳቸው ኪራይ ጨመረ። በማስታወቂያው ላይ፣ ምክንያት በሚለው ረድፍ፣ ከዚያ ቀደም ያልነበረ ቃል ተጽፎበታል፤ «የቀብር ትስስር፦ ከፍተኛ።»

ጦይባ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የቅሬውን ነገር ማን ነገራቸው?»

«የማያውቁት ነገር አለ?» አለ ይመር።

ሁለተኛውን ክፍል መለሱ፤ ሰዓት አልረሱም።

ከሳምንት በኋላ የቅሬው አባላት ወደ ጸሐፊው ደጅ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው አያ ሙሄ የተባለ፣ ሬሳ ሲነሣ ሁልጊዜ በፊት በኩል የሚይዝ ጠንካራ ሰው ነበር። ከደፉ አልፎ አልገባም።

«ስሜን ሰርዝልኝ፣ ይመር።»

«ምነው አያ ሙሄ፤ ማን አስቀየመህ?»

«ማንም። ከቅሬ የወጣ ሰው ኪራዩ ይቀንስለታል አሉ። ልጄም እዚሁ ናት፣ ከነልጆቿ። ምን ላድርግ ትለኛለህ?»

«ብትሞትስ?»

«ከመሞቴ በፊት የት ልደር?»

ይመር መዝገቡን አውጥቶ ሰረዘው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አርባ አንድ ስም ሰርዟል፤ መስመሩን ሁልጊዜ በማስመሪያ ያሰምር ነበር።

በዚህ መካከል ከመሥሪያ ቤቱ መጥሪያ ደረሰው። የጎሬዋ ተከራይ «የፊት መብቷን» ጠይቃለች። በሕጉ መሠረት ተከራይ በዘመኑ ሁሉ አንድ ጊዜ የባለቤቱን ፊት ለሩብ ሰዓት ማየት ይችላል። ስም አይጠራም፤ አድራሻ አይነገርም። በጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት ትቀመጣለች። ባለቤቱ ከፈረመባት ኪራዩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ቤቱ ግን በዚያው ቀን ከጧሪነት ይሰረዛል። ጧሪ ቤት የተሰረዘበት ሰው የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ወረቀቷ ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍ አላስፈለገም።

ይመር በቀጠሮው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመሥሪያ ቤቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ትገባለች ብሎ ጠበቀ። የገቡት ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። በትራቸውን ዘበኞች በር ላይ ስለተቀበሏቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። የቀሚሳቸውና የሱሪያቸው ጫፍ የደረቀ ቀይ ጭቃ ነበረበት።

ይመር ሳያስበው ብድግ አለ። «ይቀመጡ፣ አባቴ። እማማ፣ ይቀመጡ።»

«እንቀመጣለን» አሉ ረጅሙ ሽማግሌ። «በመጀመሪያ ስማን። እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

ይመር ይህን ያውቃል። እርሱም ራሱ ብዙ ጊዜ፣ በብዙ ሰው ቤት፣ ለሽምግልና ተልኮ ሳይቀመጥ ቆሟል። ሽማግሌ ቆሞ የሚለምነው ሰው እሺ ሳይል ዓይኑን ቀና ማድረግ አይችልም። እርሱም ዓይኑን በጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«መብቱ የእርሷ ነው፤ እግሯ ግን አይራመድም» አሉ። «ሁለት ቀን ተጉዘን ነው የመጣነው፤ እኛን ልካናለች። ልጄ፣ ይህች ሴት ሳሎኑን መለሰች። ማድቤቱን መለሰች። በቅርቡ መኝታውንም መለሰች። አሁን በመተላለፊያው ውስጥ፣ በተዘጉት በሮች መካከል ነው የምትኖረው። መኪናዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰፋለች። አንተ ክፉ ሰው አትመስልም።»

«ኪራዩን እኔ አልጨምርም፣ አባቴ።»

«እናውቃለን። መቀነሱ ግን ባንተ እጅ ነው አሉን።»

«ብፈርም እኔና ባለቤቴ ሚሌ ነን።»

ሚሌን በጎሬም ያውቋታል።

«አንተም ተይዘሃል ማለት ነው» አሉ አጭሩ ሽማግሌ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው።

ይመር እሺ አላለም። እነርሱም አልተቀመጡም። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል ይል ነበር።

«እኛን የሚገርመን አንድ ነገር ነው» አሉ አሮጊቷ። «በጎሬው መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሰው ቤቱን ይለቃል፤ የሚቀብሩትን ጎረቤቶች ግን አይለቅም፣ ይላል። ውሸት ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ይህን የተናገረ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያውቃል። የውጭ ሰው አይደለም።»

የይመር ጆሮ ጋለ። ሦስት ጥንድ ዓይኖች ያዩት ነበር፤ ነገር ግን ጥርጣሬ አልነበረባቸውም፣ መልስ የሚጠብቁም አልነበሩም። ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ለመናገር የሚበቃ ጊዜም ነበረው። እርሱ ግን ወሬውን ወደ ሌላ ለመመለስ ቸኮለ፤ በቸኮለ ጊዜም አፉ የለመደውን አወጣ።

«አሁን ስንት አባል ቀራችሁ?»

«መቶ አርባ።»

«ለቀስተኛ በተራ ትመድባላችሁ ወይስ በፈቃድ ነው?»

ረጅሙ ሽማግሌ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተመለከቱት። «የእድር ሰው ነህ።»

«ጸሐፊ ነኝ» አለ ይመር። «ሃያ ዓመት ሆነኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያም በመጀመሪያ ረጅሙ፣ ቀጥሎ አጭሩ፣ በመጨረሻ አሮጊቷ ወንበር እየሳቡ ተቀመጡ። እሺ አላላቸውም ነበር። እነርሱ ግን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዘው በመጨረሻ ከራሳቸው ሰው ቤት እንደደረሱ ሁሉ፣ ጀርባቸውን አሳርፈው ተቀመጡ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ አላሉ።

«እንግዲያውስ እግዜር አንተን ሰጠን» አሉ ረጅሙ። «ፊርማውን ተወው። እኛ ተመካክረን መጥተናል። ካልሆነ እድሩን እናፍርሰው ብለናል። እድሩ ከሌለ ሰዉ ኪራይ ወደሚረክስበት መሄድ ይችላል፤ እርሷም ወደ እህቷ አገር ትሄዳለች። ነገር ግን ስድሳ ሰባት ዓመት የቆመ ነገር ነው። ሲቆም እንጂ ሲፈርስ ያየ ሰው በመካከላችን የለም። ከምን ይጀመራል?»

ይመር ጉሮሮውን አጸዳ። ጥያቄው ሥርዓት ያለው ጥያቄ ነበር፤ ሥርዓት ላለው ጥያቄ ሥርዓት ያለው መልስ መስጠት ሃያ ዓመት የለመደው ሥራው ነው። ድምፁ እየተስተካከለ ሄደ።

«ጉባኤ ትጠራላችሁ። ስም መሰረዝ ከታናሹ ይጀመራል፤ ሽማግሌዎች መጨረሻ ይሰረዛሉ፤ ምናልባት በመካከል ሰው ቢሞት ያለ ቀባሪ የሚቀረው አዛውንቱ እንዳይሆን። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በእኩል ይከፈላል። ብረት ድስቱን ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ስጡ፤ መሸጥ ነውር ነው። አግዳሚዎቹን የፈለገ ይውሰድ።»

አጭሩ ሽማግሌ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየቆጠሩ ያዳምጡ ነበር። «ከታናሹ» አሉ። «ልክ ነው። ይህን አላሰብነውም ነበር።»

«መዝገቡንስ?» አሉ አሮጊቷ። «የሞቱት ሁሉ ስማቸው በእርሱ ላይ ነው።»

«መዝገቡን አታቃጥሉት። አንድ ሰው ቤት ይቀመጥ።»

«መተላለፊያ ውስጥም ቢሆን ቦታ አይጠፋለትም» አሉ አሮጊቷ።

«ድንኳኑን ደግሞ መጨረሻ ሽጡት» አለ ይመር። «እስከዚያ ሰው ሊሞት ይችላል።»

«ማን ይገዛናል? እድር በያገሩ እየፈረሰ ነው አሉ።» ረጅሙ ሽማግሌ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ጥሩ ሸራ ነበር። ስምንት ወር ዝናብ ችሎ የሚውል።»

የይመር ቅሬ ድንኳን በበልጉ ነፋስ ከመካከሉ ተተርትሮ ነበር፤ የቀሩት አባላት መዋጮም አዲስ ሊገዛበት አልበቃም። ሁለት ሰው በዝናብ ቀብረዋል። ይመር ሊጠይቅ አላሰበም። ጥያቄውን የሰማው በገዛ ድምፁ፣ ከሌሎቹ ጋር ነው።

«ስንት ሰው ይይዛል?»

ሁለቱ ወንዶች ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። አሮጊቷ ግን አላወረዱም፤ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ ትከሻቸው መለሱና፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ተነሡ።

«ሁለት መቶ» አሉ። «ተጠጋግተው ለሚቀመጡ ሰዎች።»

ይመር ቁጥሩን ጻፈው።